ባዶ እግር መሰል የመሮጫ ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ፦ ጣና ዳር ለሚሮጡ ወንዶች

ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁና ሲሚንቶ ወለል ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ። አሁን ወደ ታች ይመልከቱ። እግርዎ ከሁሉ በላይ የሚሰፋው የት ላይ ነው? ልጅነቱን በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ላሳለፈ ሰው መልሱ ግልጽ ነው፤ ጣቶቹ ጋ ነው። ቀጥሎ ያወለቁትን ጫማ ከእግርዎ ጎን አስቀምጠው ያስተያዩ። እግሩ በሚሰፋበት ቦታ ጫማው ይጠብባል። አብዛኛው የእግር ሕመም የሚጀምረው ከዚህ አለመግባባት ይመስለኛል፤ ጥፍር የሚጠቁረው፣ አውራ ጣት ወደ ውስጥ የሚጣመመው፣ ትንሿ ጣት ላይ ውኃ የሚቋጥረው በጥበት ነው።

ጎህ ሲቀድ ባሕር ዳር ውስጥ በሐይቁ ዳር የሚሮጡ ወንድሞች ስለ ስስ ሶል ጫማ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ይህ ባዶ እግር መሰል የሚባለው ጫማ ከተለመደው የመሮጫ ጫማ በአራት ነገር ይለያል። ጣቶች የሚያርፉበት ፊቱ ሰፊ ነው። ተረከዙና ፊቱ ከመሬት ያላቸው ከፍታ እኩል ነው፤ የተለመደው ጫማ ግን ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ሶሉ ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ10 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ የተለመደው ግን ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በመጨረሻም እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። አባቶቻችን ከመኪና ጎማ የተሠራውን በረባሶ ሲጫሙ ከአራቱ ሁለቱን፣ ነጻ ጣትንና እኩል ከፍታን፣ አግኝተው ነበር። የጎደላቸው ስስነቱና መተጣጠፉ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፤ ባዶ እግር መሰል ማለት ባዶ እግር ማለት አይደለም። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ያለ ጫማ መሄድ እግርን ለሚያሳብጠው ለዝሆኔ በሽታ እንደሚዳርግ የማናውቅ የለንም። የጣና ዳርቻ ጥልቀት የሌለው ውኃም የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባበት ነው። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ እግርን ለማቀዝቀዝ ደንገሉ ሥር ውኃ ውስጥ መቆም ይቅርብዎ። ጫማው የተሠራው እግርዎ እንደ ባዶ እግር እንዲሠራ፣ ቆዳዎ ግን እንዲጠበቅ ነው።

ልኬት

ልኬቱን ማታ ይውሰዱ። እግር ሲቆምና ሲሄድ ውሎ ማታ ላይ በትንሹ ያብጣል፤ ሲሮጥም እንዲሁ። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ የሚያንቀው ለዚህ ነው። ወረቀት ወለሉ ላይ አንጥፈው፣ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርገው፣ ተረከዝዎን ከግድግዳ አስጠግተው፣ ሙሉ ክብደትዎን በሚለካው እግር ላይ ጥለው ይቁሙ። ዙሪያውን በእርሳስ የሚያሰምርልዎ ሌላ ሰው ቢኖር ይመረጣል፤ ራስዎ ጎንበስ ሲሉ ክብደቱ ይዛወራልና መስመሩ ያጥራል። ሁለቱንም እግር ይለኩ። አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው፤ ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ርዝመቱን ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ይያዙ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳይመስልዎ፤ ከጎኑ ያለው የሚበልጥባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስፋቱንም ጣቶቹ ሥር፣ በጣም በሚሰፋው ቦታ ላይ ይለኩ።

አሁን ቁጥሩን እናውጣ። በገበያችን 41፣ 42 የሚባለው የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ነው። በእግርዎ ርዝመት ላይ 1.2 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ይህ ጣቶች ወደ ፊት የሚንሸራተቱበት ክፍተት ነው። ድምሩን በ1.5 ያባዙት። እግርዎ 26.3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ድምሩ 27.5 ይሆናል፣ ሲባዛም 41 እና ሩብ ይመጣል። እንዲህ በመካከል ሲሆን ትልቁን፣ 42ን፣ አስቀድመው ይሞክሩ። ፋብሪካዎች በልኬት ስለሚለያዩ ውጤቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ይህ ስሌት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጫማውን ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ነው። ቪቮቤርፉት፣ ዜሮ ሹዝ፣ የሜሬል ቬፐር ግለቭ የሚባሉት ለዚህ ዓይነት ሩጫ የተሠሩ ጫማዎች በከተማችን ሱቆች ተራ ዕቃ አይደሉም፤ የሚመጡት በአብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው። ለሚልክልዎ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ «42 ነኝ» ብለው ብቻ አይጻፉ። ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ይላኩለት፣ የወንድ ጫማ መሆኑንም ይንገሩት። የአሜሪካ ቁጥር ከእንግሊዝ ቁጥር ጋር አንድ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የሴትና የወንድ ቁጥር የተለያየ ነው። በአንድ ፊደል ስህተት ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ ጫማ መመለሻ የለውም። አልትራ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ጋር ይደባለቃል፤ ተረከዙና ፊቱ በአብዛኛው እኩል ነው፣ ሶሉ ግን ወፍራም ነው። ለጀማሪ ጥሩ መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ጫማው እጅዎ ላይ ከደረሰ ስሙን ይተዉትና የሚከተለውን ያድርጉ። የሚወልቅ የውስጥ ንጣፍ ካለው ያውጡት፣ መሬት ላይ አስቀምጠው ይቁሙበት። ጣቶችዎ ከንጣፉ ጠርዝ ወጥተው ከተንጠለጠሉ ጫማው ምንም ያህል ቢያምር ለእርስዎ አልተሠራም። ባለ ሱቁ «ሲለበስ ይለቃል» ቢልዎ አይስሙት። የላይኛው ጨርቅ ትንሽ ይለቅ ይሆናል፤ ሶሉ ግን አይሰፋም።

ቀጥሎ አውራ ጣትዎን ጫማው ውስጥ፣ ሌባ ጣትዎን ከሶሉ ሥር አድርገው መጀመሪያ ተረከዙን፣ ከዚያ ፊቱን ይቆንጥጡ። ውፍረቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ሆኖ ሊሰማዎ ይገባል። ይህን ፍተሻ የምወደው ዓይን የሚሳሳተውን ጣት ስለማይሳሳት ነው፤ ከውጭ ዝቅ ብለው የሚታዩ ብዙ ጫማዎች ውስጣቸው ሽብልቅ አለ። ከዚያም ጫማውን ከፊቱ ጀምረው እንደ እንጀራ ይጠቅልሉት፣ እንደሚጨመቅ ልብስም ያጣምሙት። ያለ ትግል ከተጠቀለለና ከተጣመመ ጥሩ ነው። ወገቡ ላይ እንደ ጣውላ ከገተረ ይተዉት።

ሸራ ጫማስ? ጠፍጣፋ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ግን ፊቱ ጠባብ፣ ጎማው ከባድ ነው። እግርን ለማልመድ ይሄዱበት፣ አይሩጡበት። የልባሽ ጫማ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ካለው ይልቅ ስስ ሶል ያለውን በድፍረት መግዛት ይቻላል። የስፖንጅ ድካም ከውጭ አይታይም፤ የስስ ጎማ መበላት ግን ገልብጠው ሲያዩት ግልጽ ነው። ቀለምና ክብደት የመጨረሻ ጉዳዮች ናቸው፤ ጫማው ስስ ከሆነ ቀላል መሆኑ አይቀርም።

የሚሮጡበት መሬት

ምርጫውን የሚወስነው ሌላው ነገር መሬት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። በሐይቁ ዳር በዘንባባ ጥላ ሥር ባለው አስፋልት ላይ ብቻ የሚሮጡ ከሆነ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ሶል ይበቃል። በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ግን ሌላ ነገር ነው። የድንጋዩ ጠርዝ ውስጥ እግርን ይቆነጥጣል፣ ዝናብ ሲነካውም ያንሸራትታል፤ መንገድዎ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ወደ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበሉ። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣ ወይም በዘጌ ጫካ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሥር፣ ድንጋይና እሾህ ስለሚጠብቁት ጥርስ ያለው ሶል ያስፈልገዋል። የክረምት ዋልካ ግን ጥርሱን ሞልቶ ጫማውን እንደ ጡብ ያከብደዋል፤ በሐምሌና ነሐሴ አስፋልት ይሻላል። በመጋቢትና ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የጋለው አስፋልት በስስ ሶል አልፎ ይሰማል። ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነም በየትኛውም መሬት ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር መጨመሩ ብልህነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሮጧል፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ግን በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሮም ላይ የተሸከመው ለዚያ የተዘጋጀ እግር ነው። እኛ ለዓመታት ከፍ ያለ ተረከዝ ላይ ውለን በአንድ ቀን እርሱን ልንመስል አንችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሯጮች በአብዛኛው በፊት እግራቸው ወይም በመካከለኛው እንደሚያርፉና ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚነሣው ድንገተኛ ግጭት እንደሚቀንስላቸው አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ጭነቱ አይጠፋም፤ ከጉልበት ወደ ባት፣ ወደ ተረከዝ ጅማትና ወደ እግር አጥንቶች ይዛወራል። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አዲሱን ጫማ ባገኘሁበት ቀን ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ሥቃይ ሆነብኝ። ባቴ ብቻ ስለነበር ዳንኩ፤ አጥንት ቢሆን ኖሮ ወራት ይወስድ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በጫማው ይሂዱበት ብቻ፤ ገበያ፣ ሥራ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከተለመደው ሩጫዎ መጨረሻ ላይ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ በሣር ወይም በደልዳላ መሬት ይሩጡበት፤ ቀሪውን በአሮጌው ጫማ። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ። እርምጃዎን ያሳጥሩና ያፍጥኑ፤ በዝግታ እንኳ በደቂቃ ወደ 170 እርምጃ መቅረብ ይረዳል። ቤት ውስጥ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው በጣቶችዎ ከፍ ዝቅ ማለት ባትን ያጠነክራል። ባት ቢደነዝዝና ቢከብድ የሚጠበቅ ነው፤ ቀን ዘለው ይቀጥሉ። በእግር ጀርባ ላይ በአንድ ጣት ሊያመለክቱት የሚችሉት ሕመም ካለ ግን ያቁሙና ሐኪም ይዩ፤ የአጥንት መሰንጠቅ እንዲህ ይጀምራል። የስኳር ሕመም ኖሮበት ውስጥ እግሩ የደነዘዘ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ይህን ጫማ ባይጀምር እመርጣለሁ፤ ጠጠር ቢወጋው አይሰማውምና።

ከሁለት ወር በኋላ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ይመልከቱ። የተበላው ከጣቶች ሥር፣ በስፋት ከሆነ የእግርዎ አረጋገጥ ተስተካክሏል፤ ደቂቃውን መጨመር ይችላሉ። የተበላው የተረከዙ የውጭ ጠርዝ ከሆነ ግን እርምጃዎ ገና ረጅም ነው፤ ወደ አምስት ደቂቃው ይመለሱና በአጭር እርምጃ እንደገና ይጀምሩ።