አናናስ በወተት ለሚመርባችሁ

አናናስና ወተት ብሌንደር ውስጥ ፈጭቼ ወዲያው ስጠጣው አሪፍ ነው። ፍሪጅ አድሮ ሲወጣ ግን ሬት! ከላይ ውሃ ያቀርራል፣ ከስር ይቋጠራል፣ ምሬቱም ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወተቱን ነበር፤ የላሙን በፓኬት ቀየርኩት፣ ያው ነው። የአናናሱን ጠንካራ መሃል አወጣሁ፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማር ጨመርኩ፤ ጣፋጭ ምሬት ሆነ።

ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። ጥሬ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፣ የሚመረውም ስብርባሪው ነው። (አናናስ ስናበዛ ምላሳችንን የሚለበልበን እሱም አለበት።) ሙቀት ግን አይችልም። የቆርቆሮ አናናስ ከወተት ጋር የማይመረው ሲታሸግ እሳት ስለነካው ነው።

ስለዚህ አናናሱን ከትፌ በራሱ ጭማቂ 5 ደቂቃ ያህል አንተከተክሁት። በደንብ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ከቀዝቃዛ ወተት ጋር ፈጨሁት። በማግስቱም አልመረረም። ቫይታሚን ሲው በመጠኑ ይቀንሳል፤ እሱ ካሳሰባችሁ ጥሬውን በውሃና በዝንጅብል ፍጩት፣ ወተቱ ይቅር። ፓፓያም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፣ ማንጎ ግን ምንም አይል።