ዛፍ የዋጠውን ግንብ ስታነሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጎንደር ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ነው። እውነቱን ነው። የዛፎቹ ሥሮች በአጥሩ ላይ ወርደው ድንጋዩን ጭምቅ አድርገው ይዘውታል። ታዲያ እዚያ ደጋግሜ የማየው አንድ ስህተት ደሜን ያፈላዋል።

እሱም ሥሩ ላይ መውጣት ነው። ፎቶ አንሺው "ትንሽ ከፍ በይ" ይላል፣ ሙሽራዋ በሹል ተረከዝ ሥሩን ትረግጣለች። የተረገጠበት ቦታ ቅርፊቱ ይላጥና ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ቀጥሎ ተመራቂዎች ይመጣሉ፣ እዚያው ይወጣሉ። ሌላው ደግሞ "ፎቶው ይጥራ" ብሎ ከግንቡ ስንጥቅ የበቀለውን ቁጥቋጦ ይነቅላል። ወገኖቼ፣ ተዉ! ይህ ከ300 ዓመት በላይ የቆየ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። ሥር በስንጥቁ ገብቶ ኖራውን ሲገፋ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ድንጋዮቹን አንድ ላይ የያዘው ያው ሥር ሊሆን ይችላል። ስትጎትቱት ኖራው እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ ድንጋዩ ይላላል፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ ይገባበታል። መነሳት ካለበትም እየቆረጠ፣ ክፍተቱን በኖራ እየሞላ የሚያነሳው የጥገና ባለሙያ ነው። እናንተ ሰውየውን መሬት ላይ አቁሙት። ወደ ኋላ ራቁና ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንሱት። ሥሩ ከጀርባው ገዝፎ ይታያል፤ ማንም መውጣት አላስፈለገውም።

ወቅት አለመምረጥም አለ። ብዙ ሰው የሚመጣው በጥር ነው። ለጥምቀት ከሆነ እሰየው፣ ገንዳው ውኃ የሚሞላው ያኔ ነው። አረንጓዴ የለበሰ ግንብ ከፈለጋችሁ ግን መስከረምና ጥቅምት ኑ። መጋቢት ላይ ሣሩ ደርቆ ከድንጋዩ ጋር አንድ ቀለም ይሆናል።

በቀትር ማንሳት፦ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች የድንጋዩ ቅርፅ ይጠፋል። ደመናማ ቀን አትናቁ።

እዚያው ጎንደር ቁስቋም ላይ ጀማሪዎችን የሚያሸንፋቸው ብርሃን ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ መስኮቶች ክፍት ናቸው፤ ውስጡ ጥላ፣ ውጭው የሚያቃጥል ሰማይ። ካሜራው ጥላውን ለማሳየት ሲል ሰማዩን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። የነጣ ሰማይ ደግሞ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። በራው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ብርሃን ሳይጨምቅ በሚይዝ ፋይል) አንሱ፣ የካሜራውን የብርሃን ልክ በሰማዩ አስተካክሉ፣ ጥላውን ቤት ስትገቡ ታወጡታላችሁ። ቦታው ቤተ ክርስቲያንም ስለሆነ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት "አባ፣ ይፈቅዱልኛል?" በሉ። የፈቀዱላችሁ አባት ከእናንተ በላይ ጥሩ ማዕዘን ያሳዩአችኋል፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ዋይድ ሌንስ (ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ) ይዞ ግንብ ሥር መቆም ሌላው ስህተት ነው። እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ግምብ ላይ አንድ ተማሪዬ ከታች ወደ ላይ አነሳና ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ መሰለ። ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ እንዲያነሳ ነገርኩት። ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከበስተጀርባውም ጣና ገባለት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሁሌ ዞሮ ሳያይ አያነሳም።

የተጣለ ባቡር ማንሳት የምትፈልጉ ጎንደር አትምጡ። እዚህ ባቡር ገብቶ አያውቅም። ድሬዳዋ ሂዱ፤ በሐዲዶቹ መካከል 1 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በዚያ አልፎ ነው። እዚያ የሚሠራው ስህተት አረንጓዴ መፈለግ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝገቱን አንሱ፣ ያውም ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትመታው።

ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ።

የመጨረሻው ቀንና የቆሙበትን ቦታ አለመጻፍ ነው። ፋይሉ ላይ ጻፉት። በዓመቱ እዚያው ቆማችሁ ደግማችሁ አንሱ፤ ስንጥቁ ሰፍቶ ካገኛችሁት ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቅርሱን ለሚጠብቁት አሳዩ።