ነዳጅ ስሰጠው የሚጠፋው የጀልባ ሞተር
ያገለገለ ጀልባ ገዛሁ። አካሉ ደህና ነው፤ ሞተሩ ግን ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው)፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው የድሮ ሞዴል ነው። ይነሳል፤ ነዳጅ ስጨምርለት ቀጥ ይላል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

ችግሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነበር። የከረመ ቤንዚን ሲተን ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። እሱ ነው ቀጫጭኖቹን የነዳጅ ቀዳዳዎች የደፈናቸው። ፈትቼ በካርቡሬተር ማጽጃ አጠብኩት፣ በአየር ግፊት ነፋሁት። በሽቦ እንዳትጎረጉሩ! ቀዳዳው ከሰፋ የነዳጁ መጠን ይዛባል። የተሰነጣጠቀውን የነዳጅ ጎማም ቀየርኩ።

ከዚያ አዲስ ቤንዚን ከዘይት ጋር 50 ለ1 ቀላቀልኩ (የእናንተ ሞተር ሌላ መጠን ሊፈልግ ይችላል፣ መመሪያውን እዩ)። የሞከርኩት የሞተሩን የታችኛውን ክፍል በርሜል ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው፤ በደረቁ ከተነሳ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፓምፕ ጎማ ቶሎ ይበላሻል።

አሁን ሙሉ ነዳጅ ስሰጠውም አይጠፋም።