የውጭ በር ቫርኒሽ አልላቀቅ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

የመስቀል ደመራ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በአዲስ አበባ ግቢዎች የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ይሰማል። ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ሲደበደብ የከረመው የበረንዳ በር፣ የመስኮቱ መከለያ፣ ከዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ተራቸው ይደርሳል። በዚያ ሰሞን ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ «የትኛው ቫርኒሽ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?» ስል ነገር የማራዝም ይመስላቸዋል። እስከ ዛሬ ተበላሽተው ካየኋቸው የውጭ በሮች ግን አብዛኞቹን ያበላሸው በግማሽ ተነሥቶ በግማሽ የቀረው አሮጌ ሽፋን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ምረጡ። የበሩ የላይኛው ጠርዝ ወይም ከማጠፊያው አጠገብ ያለው ጥግ ይበቃል። ውሃ፣ አልኮልና ቲነር አዘጋጁ። ውሃ ጠብ ስታደርጉ ጠብታው እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ሽፋኑ ገና አለ፤ ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው እንጨቱ ተራቁቷል። ቀጥሎ በአልኮል የራሰ ጥጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡበት። ሽፋኑ ለስልሶ ጣት ላይ ከተጣበቀ ሼላክ ነው። ሼላክ የቤት ውስጥ ዕቃ ሽፋን ስለሆነ፣ ውጭ ላይ ካገኛችሁት አንድ ሰው የሳሎን በር ነቅሎ ለግቢ አድርጎታል ማለት ነው። አልኮሉ ካልነካው በቲነር ሞክሩ። ከቀለጠ በመርጫ የተነፋ ላከር ነው። ካበጠ፣ ከተኮማተረ ወይም ምንም ካልሆነ ደግሞ የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሪቴን ነው። እርሱ አይቀልጥም፤ ከእንጨቱ እንዲላቀቅ ተደርጎ ይነሣል እንጂ። በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ ነገር ከሌለውና ቀለሙ እንጨቱ ውስጥ የሰረገ ከሆነ የተቀባው የሚሰርግ የዘይት ቀለም ስለሆነ፣ እንደ ቫርኒሽ ላላቅቀው ብላችሁ አትድከሙ።

ከቫርኒሹ ሥር የቆየ ቀለም ብቅ ካለ ቁሙ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ለምትኖሩ ልኩ ቀላል ነው፤ በዚያ አገር የእርሳስ ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ሳታስመረምሩ አትንኩት። የትም ብትኖሩ የሚያጠራጥር ቀለም በደረቁ አይፈገፈግም። እያረጠባችሁ ፋቁት፤ ሕፃናትንም ከአካባቢው አርቁ።

ብርጭቆ ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል

ሁለት ክንድ ያህል ሳትፈገፍጉ ወረቀቱ በሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ መፈግፈጉ ይቀርና ማሸት ይሆናል። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ስትጫኑት፣ በተለይ በማሽን ሲሆን፣ ቫርኒሹ ይለሰልስና በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ይጋገራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወደ ላመ ወረቀት ይሄዳል፤ የባሰ ይደፈንበታል።

ወረቀት ሽፋን ማንሻ አይደለም። ወፍራሙን ሽፋን መጀመሪያ በስለታም መፋቂያ፣ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ እየሳባችሁ አንሡ። መፋቂያው ዱቄት ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ዶልዱሟል፤ ስለቱ ደህና ሲሆን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተጠቀለለ ስስ ቁራጭ ይወጣል። የቀረውን በ60 ወይም በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩና (ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሸካራ ነው) በ120 ጨርሱ። ከዚያ በላይ ማለስለስ ለውጭ እንጨት ብክነት ነው። የሚሰርግ ዘይት ልትቀቡ ካሰባችሁ ደግሞ ጉዳት አለው፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ እንጨት ዘይቱን አይጠጣም።

ማንሻውን ቀባሁት፣ ምንም አልሆነም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማንሻው ሳይሆን የአቀባቡ ነው። ማንሻ (አሮጌ ሽፋን የሚያላቅቅ ኬሚካል) እንደ ቀለም ሳስቶ ከተቀባ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ ያልቃል፤ ሥራውን ሳይጀምር ይሞታል። በጥላ ሥሩ፤ በአምባሻ ላይ እንደሚቀባ ቅቤ አወፍራችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አስተኙት፤ ብሩሹን አታመላልሱት። ላዩን በስስ ላስቲክ ሸፍኑና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቁ። ጊዜው ሲደርስ አንድ ጥግ በመፋቂያ ሞክሩ፤ ሽፋኑ ተኮማትሮ እስከ እንጨቱ ከተላቀቀ ሁሉንም አንሡ። ላዩ ብቻ ከለሰለሰ መፋቁን ተዉትና ድገሙት። በየዓመቱ ሲቀባ የኖረ በር ስድስት ሰባት ድርብ ሊኖረው ስለሚችል በአንድ ጊዜ አይገፈፍም።

ማንሻ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ፈጣን ነው፣ ግን ትነቱ በተዘጋ ቦታ ሰው ገድሏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ የተደረገውም ለዚሁ ነው። እኔ የሚዘገየውን እመርጣለሁ።

ሽፋኑ ተነሣ፣ እንጨቱ ግን ጠቆረ

ይህኛው በራሴ ስለደረሰ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። የአክስቴን የበረንዳ በር፣ የዋንዛ በር፣ ላድስላት ብዬ ኮስቲክ ሶዳ በጠበጥሁ። ቫርኒሹ እንደ ቅራሪ ፈሰሰ፤ በጣም ደስ አለኝ። አጥቤው ምሳ በልተን ስንመለስ በሩ የከሰል ጆንያ መስሏል። አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ቆማ አየችው፣ አየችው፤ «ልጄ፣ አቃጠልከው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከማጀት ግማሽ ሎሚ አምጥታ አንዱ ጥግ ላይ ጨመቀችበት። ልብስ ላይ ለፈሰሰ ነገር ሁሉ መድኃኒቷ ሎሚ ነው፤ ስለ አሲድ አስባ አይመስለኝም። ሎሚው የነካው ቦታ ዓይናችን እያየ ፈካ።

ሶዳ ጠንካራ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ታኒን የተባለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገርና መሰሎቹን ያጠቁራል። ማስተካከያው አሲድ ነው። ሎሚ ለአንድ ጥግ ይበቃል፤ ለሙሉ በር ሲትሪክ አሲድ በሞቀ ውሃ በጥብጣችሁ ወይም አቼቶ ቀብታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውሃ እጠቡ። ይህን መዝለል መልክ ማበላሸት ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረ ሶዳ አዲሱንም ቫርኒሽ ከሥሩ ይበላዋል። በሩ ደርቆ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ካወጣ ሶዳው ገና አልወጣምና እንደገና እጠቡት።

ሶዳ ለመጠቀም ከቆረጣችሁ ሁልጊዜ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃ ሶዳ ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። የፕላስቲክ ባልዲ ተጠቀሙ። የአልሙኒየም ድስት አይሆንም፤ ሶዳው ብረቱን ይበላና የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። የጎማ ጓንትና የዓይን መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ።

ጥቁረት ሁሉ ግን ከሶዳ አይመጣም። በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ከጠቆረ ሶዳ ነው። በምስማር፣ በቡሎንና በማጠፊያ ዙሪያ ብቻ እንደ ቀለም ጠብታ ከተሰራጨ፣ ብረት ከታኒን ጋር ተገናኝቶ ነው። በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የፈገፈጋችሁትም ከዚሁ ይገባል፤ የሽቦው ብናኝ በእንጨቱ ቀዳዳ ይቀርና በመጀመሪያው ዝናብ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ነጥብ ነጥብ ያለና ጥላ ባለበት፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት በኩል የበዛ ከሆነ ሻጋታ ነው። ለመለየት የበረኪና ጠብታ አድርጉበት። በጥቂት ደቂቃ ከፈካ ሻጋታ፤ ካልተነቃነቀ ብረት።

ሻጋታን በውሃ የቀጠነ በረኪና ያነሣዋል። የብረቱን ጥቁረት ኦክሳሊክ አሲድ እንጂ በረኪና አይነካውም። ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ገዝታችሁ፣ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም በጥብጡ። ጥቁሩን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ሳንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀቡ፤ ነጥቡን ብቻ ከቀባችሁ በጥቁር ጠብታ ፋንታ ነጭ ጠብታ ይቀራል። ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው፤ ሳይታጠብ የቀረ ዱቄቱ በፍግፈጋ ጊዜ ከተነሣ ሳንባ ያቃጥላል። ስኳር መምሰሉንም አትርሱ፤ ማጀት ውስጥ አይቀመጥም። በረኪናንና አሲድን ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳንቃ ላይ አታገናኙ። የሚወጣው ጋዝ መርዛማው ክሎሪን ነው።

እንጨቱ ጠጉር አወጣ

ላቫጆ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ፈተናው ከባድ ነው። መኪና የሚያጥብበትን የውሃ ግፊት በበሩ ላይ ለቅቆ በአሥር ደቂቃ ገፎ ይሰጣችኋል፤ ሲደርቅ ግን በሩ እንደ ድመት ጀርባ ይሆናል። ግፊቱ ለስላሳውን የእንጨት ክፍል ቆርጦ ጠንካራውን ጅማት አቁሞታል። ሶዳ ከመጠን በላይ ሲቆይም ይህንኑ ያደርጋል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ በ80፣ ከዚያ በ120 ቁጥር ወረቀት ፈግፍጉት፤ ርጥብ ሳለ ከነካችሁት ጠጉሩ ይተኛና ከቫርኒሹ በኋላ ይነሣል። ጥድ ወይም ዝግባ ከሆነ ወፍራም ብሩሽና ባልዲ ይበቁ ነበር።

በቦታ በቦታ አልወጣም

በማዕዘን፣ በቅርጻ ቅርጽና በሳንቃ ጫፍ ላይ አሮጌው ቀለም ተደብቆ ይቀራል። የጫፉ እንጨት እንደ ጭድ ቀዳዳ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ጠጥቷል። ለጥጋጥግ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የሾለ የቀርከሃ እንጨት ከማናቸውም ማሽን ይሻላሉ። እንጨቱ ውስጥ የሰረገውን ቀለም ግን እስከ መጨረሻው አታሳዱት። የምትቀቡት ከቀድሞው ጠቆር ያለ ከሆነ ጥላው ይሸፈናል። የውሃውን ጠብታ በየቦታው ሞክሩ፤ በሁሉም ቦታ እኩል ከሰረገ መልኩ ቢዥጎረጎርም ሥራው አልቋል። ፈካ ያለ መልክ ካልሆነ ካላችሁ መላጊያውን አውጡ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሁሉንም አደረግሁ፣ ግን በዓመቱ ተላጠ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ብትልም ጨረሯ ብርቱ ነው። ጨረሩ ጅማቶቹን አያይዞ የሚይዘውን ሊግኒን የተባለ ነገር ይሰብራል፤ ዝናቡ አጥቦ ይወስደውና ላዩ ግራጫ ይሆናል። ያ ግራጫ ቆዳ የሞተ እንጨት ነው። በላዩ የተቀባ ቫርኒሽ ከሞተው ቆዳ ጋር ተጣብቆ ከቆዳው ጋር አብሮ ይነሣል። የተላጠውን ገልብጣችሁ እዩት፤ ጀርባው ላይ ግራጫ ብናኝ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጤነኛው መልክ እስኪወጣ ፈግፍጉ። ከፈገፈጋችሁ በኋላም በሩን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ አታቁሙት፤ ያው ነገር እንደገና ይጀምራል።

የተላጠው ጀርባው ንጹሕ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ርጥበት ይሄዳል። የታጠበ እንጨት ላዩ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ቀናት ይፈልጋል። የርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ካወቃችሁ ከ15 በመቶ በታች እስኪሆን ጠብቁ፤ ከሌለ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ሦስት አራት ፀሐያማ ቀን ስጡት። በሐምሌ የተቀባ በር አይቼ የቆየ አላየሁም። ሌላው የቫርኒሹ ዓይነት ነው፤ ለቤት ውስጥ የተሠራው ጨረር የሚከላከል ነገር ስለሌለው ውጭ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ላይ ለውጭ እንደሚሆን ካልተጻፈ የሻጩን ቃል አትመኑ።

የተልባ ዘይት ወይም የዘይት ቫርኒሽ የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ እሳት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫልና። ጨርቁን አንድ በአንድ አጥር ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።

አዲሱን ከመቀባታችሁ በፊት በሩን ከማጠፊያው አውርዱት። ከሥር ያለው ጠርዝ ለዓይን ስለማይታይ ከተሠራ ጀምሮ ቫርኒሽ አይቶ የማያውቅ ይሆናል፤ ከወለሉ ላይ የሚረጨውን ውሃ የሚጠጣውም እርሱ ነው። የአክስቴ በር በሁለተኛው ዓመት መላጥ የጀመረው ከዚያው በኩል ነበር።