አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲያስቸግር፦ ከመፈታቱ በፊት በራስዎ የሚደረግ ምርመራ

«ካምቢዮው አልቋል፤ ይውረድ።» የ2003 ሞዴል ኮሮላዬ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ሸርተት ማለት ሲጀምር የተነገረኝ ይህ ነበር። ካምቢዮው (ማርሽ የሚቀያይረው ክፍል) ግን ጤነኛ ነበር። ወደ ራዲያተር የሚሄደው የካምቢዮ ዘይት ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ዘይቱ ጎድሏል፤ በቃ። ለማሰሪያና ለዘይት የከፈልኩት ካምቢዮ ለማውረድ ከተጠየቅኩት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ማንም ሰው ካምቢዮ ከማስፈታቱ በፊት አንድ ጠዋት እንዲሰጠው እለምናለሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ይያዙ። «ማርሽ አይቀይርም» ማለት ብቻውን ለመካኒኩ ብዙ አይነግረውም። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲግል? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ስንተኛው ማርሽ ላይ? ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ዲ (መንጃ) ሲያስገቡ መኪናው ለመያዝ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? አንድ ሰከንድ አካባቢ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ከሆነ ዘይት ጎድሏል ወይም ግፊቱ ደክሟል ብለው ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ዘይቱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። መኪናውን 20 ደቂቃ ያህል ይንዱት፣ ሜዳ ላይ ያቁሙት፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሞተሩን አያጥፉ። ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከፒ ጀምሮ በሁሉም ላይ ቀስ ብለው ያሳልፉና ወደ ፒ ይመልሱ። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥተው በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ፣ መልሰው ከትተው እንደገና ያውጡና ያንብቡ። ዘይቱ በሙቅ ምልክቶቹ መካከል መሆን አለበት። ይህ የቶዮታ አሠራር ነው፤ መለኪያ ያላቸው አሮጌ ሆንዳዎች ግን ሞተሩ ከጋለ በኋላ ጠፍቶ ወዲያው ነው የሚታዩት። መለኪያ የሌለው መኪና ከሆነ ከሥር ስለሚታይ ለጋራዥ ይተዉት።

አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጥቁር ሆኖ የመቃጠል ሽታ ካለው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች (ማርሹን የሚይዙት ዲስኮች) ተቃጥለዋል። እንደ ወተት ሻይ ከደፈረሰ ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ አይንዱት።

የካምቢዮ ዘይት እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። ጎድሎ ካገኙት የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ማታ ካርቶን ከሥር አንጥፈው ጠዋት ይዩት። ሲሞሉ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ሠርቶ ራሱ ያንሸራትታል። ዓይነቱንም አይገምቱ፤ መለኪያው ላይ ወይም የመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈውን ይግዙ። በተለይ ሲቪቲ (ደረጃ ባለው ማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ) ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው። ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት መጨመር ያበላሸዋል።

ካምቢዮ የሚመስሉ ሌሎች ችግሮችም አሉ። ማርሽ ከፒ አልወጣ ካለ መጀመሪያ የፍሬን መብራትዎ መብራቱን ይዩ። ካልበራ የፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ ወይም ፊውዙ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ዲ ሲያስገቡ ገጭ የሚለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ያለቀ የሞተር መያዣ ጎማ ነው። ዳገት ላይ መርገፍገፍ የካንዴላ ወይም የቦቢና (የሞተሩ እሳት ሰጪዎች) ሊሆን ይችላል።

አሁን ይንዱት። እሁድ ማለዳ መንገዱ ባዶ ሲሆን ነዳጅ በስሱ ረግጠው ይሂዱና ቅያሪዎቹን ይቁጠሩ። አራት ማርሽ ያለው ካምቢዮ ሦስት ጊዜ መቀየር አለበት። በመጨረሻ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ትንሽ ዝቅ የሚልበት ሌላ ቅያሪ የሚመስል ነገር ይሰማዎታል፤ ያ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ሲቆለፍ ነው፣ ስህተት አይደለም። አርፒኤሙ ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ እያንሸራተተ ነው። ከቆመበት ከብዶት ተነስቶ ምንም ካልቀየረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለመጠበቅ አንድ ማርሽ ላይ አስሮት ይሆናል። በብዙ ቶዮታዎች ያኔ የኦቨርድራይቭ (O/D OFF) መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

መብራት ካለ በኮምፒውተር ያስነብቡ፤ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራ ትንሽ ኦቢዲ (የመኪናውን የስህተት ኮድ) ማንበቢያ ይዋሱ። ፒ0700 «ካምቢዮው ጋ ችግር አለ» ከማለት አያልፍም፤ ሌላ ኮድ ይፈልጉ። ፒ0753 የመቀየሪያ ሶሌኖይዱን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዘይት ቫልቭ) የኤሌክትሪክ መስመር ያመለክታል። መስመር ማለት ሽቦና ሶኬት ጭምር ነው። ስለዚህ ሶሌኖይድ ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱ ዘይት ወይም ዝገት እንዳልያዘ ያስፈትሹ።

ዘይቱ ጥቁር ሆኖ የሚያንሸራትት ከሆነ ዘይት መቀየር አያድነውም፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። ያኔ ያገለገለ ካምቢዮ ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ) መጠየቅ ይሻላል። የካምቢዮውን የሞዴል ኮድ ከመኪናዎ ካምቢዮ ኮድ ጋር ያመሳክሩ፣ በውስጡ የቀረ ዘይት ካለ ቀለሙን ይዩ፣ ተገጥሞ እስኪሞከር የመመለሻ ዋስትና በጽሑፍ ይቀበሉ። መኪናው ወደ ጋራዥ ሲሄድም በገመድ አያስጎትቱት። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮው ፓምፕ ዘይት አይረጭም፤ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሱ ወይም መኪናው ይጫን።