ጅማ ላይ የሳይንስ ፒኤችዲን ከኑሮና ከሥራ ጋር እንዴት ማስኬድ ይቻላል?

ፒኤችዲ በወረቀት ላይ አራት ዓመት ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ለሚያጠና ሰው ግን አራት ለቀማ ነው። አንዱ ኮርስ ስትማሩና ፕሮፖዛል ስትጽፉ ያልፋል። ሦስት ቀራችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ከለቀማው ወደ ኋላ ቁጠሩ። እዚህ አካባቢ ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥቅምት ላይ ናሙና ካስፈለጋችሁ የድጋፍ ደብዳቤው ሐምሌ ላይ እጃችሁ ይግባ። ኬሚካሉ ከዚያም ቀደም ብሎ ይታዘዝ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ወራት ይፈጃል። እኔ ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ሰነበተች። ጎማ ወረዳ ስደርስ ታኅሣሥ ተጋምሷል። የማሳው ባለቤት በር ላይ ተቀበሉኝ። ከኋላቸው ማድረቂያ አልጋው ላይ ጀንፈሉ ጠቁሯል፤ ዘገን ሳደርገው ይንኮሻኮሻል። እኔ የምፈልገው ደግሞ ቀዩን እሸት ነበር። «ልጄ፣ ዘንድሮ አልቋል። ለከርሞ ና» አሉኝ በአፋን ኦሮሞ። ቡና አስፈልተው አጠጡኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ።

ቀጥሎ የአማካሪ ጉዳይ። ብዙዎቻችንን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። ረቂቁ ሦስት ወር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ማስቸገር ይሆንብኛል» ብለን ዝም እንላለን። ዝም አትበሉ። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ በዚያው ቀን አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ምን ተስማማን፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። አክብሮቱን ሳትለቁ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ዶክተር፣ ምዕራፍ ሁለትን እስከ ጥር 15 እንደሚያዩልኝ በነገሩኝ መሠረት ዛሬ ልኬዋለሁ። እስከዚያ ምዕራፍ ሦስትን እጽፋለሁ።» በጽሑፉ ላይ የማን ስም ቀድሞ እንደሚወጣም ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ካለቀ በኋላ ቢነሳ ያቀያይማል።

መብራት ይጠፋል። ናሙናችሁን ለሁለት ከፍላችሁ በተለያየ ፍሪዘር አስቀምጡ። ዳታውን ደግሞ ሦስት ቦታ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ።

የሚነበብ ጽሑፍ በገንዘብ አትግዙ። ሪሰርች ፎር ላይፍ (Research4Life) በሚባለው ፕሮግራም በኩል ኢትዮጵያ ያሉ ተቋማት ብዙ ጆርናሎችን በነፃ ያገኛሉ፤ መግቢያውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። «ክፈሉና በሳምንት እናወጣለን» የሚል ጆርናል ሲመጣ ግን ሽሹ። እዚያ የወጣ ሥራ በኋላ ማመልከቻችሁ ላይ ጥላ ያጠላል።

ሥራን በተመለከተ፣ ምረቃን አትጠብቁ። ሁሉም ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቡና ሲመረምር የኖረ ነው። በመጀመሪያው ዓመታችሁ ሂዱ፣ ተዋወቁ፣ ፕሮፖዛላችሁን አቅርቡ። የቡና ቅምሻና የጥራት ምርመራ ተማሩ፤ ላኪዎች ይህን የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለዚህ ብቻ መድቡ። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ በአስተርጓሚ የሚሰበሰብ መረጃ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ኑሮ አጭር ልበል። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የሚለው ጥያቄ ከቤተሰብ አይቀርም። ቀን ከመቁረጥ ይልቅ የደረሳችሁበትን ንገሯቸው። እሑድን ከላብራቶሪ ነፃ አድርጉና ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን ውጡ። እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካለ ደግሞ ሐኪም አናግሩ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ውጤታችሁን ለገበሬው መልሳችሁ ንገሩ። አንድ ገጽ፣ በቋንቋው፣ በቃልም ጭምር። እኔ በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ጎማ ስመለስ፣ እኚያ ሰው ሁለት እግር ቡና ሳያስለቅሙ አቆይተውልኝ ነበር።