ለሰፈር ቤተ መጻሕፍት ኢንተርኔትና በጀት እንዴት መሟገት ይቻላል

በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሥራ ማመልከቻ የሚሞላውም፣ ለዜግነት ፈተና የሚያጠናውም፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚያትመውም ሰው በነፃ የሚጠቀምበት ኢንተርኔት ከፋይ አለው። አብዛኛውን የሚከፍሉት ከተማው ወይም ካውንቲው ናቸው። የፌዴራሉ ድጋፍ ደግሞ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ የሁለቱም አዛዥ የተለያየ ነው። ብዙ ሰው ደክሞ ደብዳቤ ጽፎ፣ ስልክ ደውሎ ውጤት የሚያጣው የአንዱን ጉዳይ ይዞ የሌላውን በር ስለሚያንኳኳ ነው።

1. በሩን ይለዩ

የመጀመሪያው ኢ-ሬት ነው። መነሻው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1996 የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ ክፍል 254 ነው። በዚህ መሠረት ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ከኢንተርኔት ክፍያቸው ላይ ከ20 እስከ 90 በመቶ ቅናሽ ያገኛሉ። ገንዘቡ ከኮንግረስ ዓመታዊ በጀት አይወጣም። የስልክ ኩባንያዎች ያዋጡታል፣ እነሱም መልሰው ደንበኛው ላይ ይጥሉታል። በስልክ ቢልዎ ላይ “ዩኒቨርሳል ሰርቪስ” የሚል መስመር ካዩ እሱ ነው። ደንቡን የሚያወጣው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማለትም ኤፍ ሲ ሲ ነው። በኮንግረስ በኩል የሚመለከተው የሴኔቱን የንግድ ኮሚቴና የታችኛውን ምክር ቤት የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ ነው።

ሁለተኛው ኤል ኤስ ቲ ኤ ይባላል። ይህኛው በየዓመቱ በኮንግረስ የሚመደብ በጀት ነው፤ አይ ኤም ኤል ኤስ በተባለው የፌዴራል የሙዚየምና የቤተ መጻሕፍት ተቋም በኩል ለየስቴቱ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላል። ውሳኔው የሚጀምረው የሥራ፣ የጤናና የትምህርት በጀት በሚያዘጋጁት ንዑስ ኮሚቴዎች ነው። ፌዴራሉ 66 በመቶ ሲሸፍን ስቴቱ 34 በመቶ ማሟላት አለበት። ስቴቱ ለቤተ መጻሕፍት የሚያወጣው ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ በታች ከወረደ ደግሞ የፌዴራሉም ድርሻ አብሮ ይቀንሳል። የስቴት ምክር ቤት አባልዎን ማነጋገር ዋሽንግተንን የማነጋገር ያህል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለቱም ተፈትነዋል። በማርች 14 ቀን 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይ ኤም ኤል ኤስን ሕግ እስከፈቀደው ድረስ እንዲሸረሸር አዘዘ፤ ስቴቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኢ-ሬት የቆመበትን የመዋጮ ሥርዓት በ6 ለ3 ድምፅ አጸና። ኤፍ ሲ ሲ በ2024 ቤተ መጻሕፍት በኢ-ሬት ገንዘብ ሆትስፖት፣ ማለትም ቤት ተወስዶ ኢንተርኔት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ፣ እንዲያውሱ ፈቅዶ ነበር፤ በ2025 መልሶ ሻረው። በአንድ ድምፅ ልዩነት የተሰጠ ፈቃድ በአንድ ድምፅ ልዩነት ይነሳል፤ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው።

2. ከመናገርዎ በፊት ቁጥሩን ይያዙ

የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኢ-ሬት ይወስዳሉ ወይ? ቅናሹ ስንት በመቶ ነው? ከኤል ኤስ ቲ ኤ ገንዘብ የትኛው አገልግሎት ይደገፋል?

የመጀመሪያውን ጥያቄ አይዝለሉ። የኢንተርኔት ቅናሽ የሚወስድ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ በ2000 በወጣ ሕግ ምክንያት ኮምፒውተሮቹ ላይ ጸያፍ ምስሎችን የሚዘጋ ማጣሪያ ማድረግ አለበት፤ አንዳንዶቹ ይህን ስለማይፈልጉ ቅናሹን ትተዋል። የእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ከእነሱ አንዱ ከሆነ ስለ ኢ-ሬት መከራከሪያዎ ገና ሲጀመር ይወድቃል።

ቅናሹ የሚሰላው በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ለነፃ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ በሆኑ ተማሪዎች ብዛት ነው። ከ50 እስከ 74 በመቶ ከሆኑ ቅናሹ 80 በመቶ ነው። ስሌቱን በወረቀት ላይ ያውጡት፦ የኢንተርኔት መስመሩ በወር 1,000 ዶላር ቢሆን ዓመቱን 12,000 ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከኪሱ የሚከፍለው 2,400 ብቻ ይሆናል። ኢ-ሬት ቢቀር የሚጎድለው 9,600 ዶላር ከመጽሐፍ መግዣ ይነሳል፣ ካልሆነም ከመክፈቻ ሰዓት። ለሕግ አውጪ ይህ አንድ መስመር “ቤተ መጻሕፍት ለማኅበረሰባችን ወሳኝ ነው” ከሚል ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢ-ሬት ላፕቶፕም መጽሐፍም አይገዛም፣ የስልክ መስመርም አይከፍልም። እነዚህን ከጠቀሱ ጉዳዩን የሚያውቀው የቢሮ ረዳት የቀረውንም አያምንዎትም።

3. ጊዜውን ይጠብቁ

የፌዴራል የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ጥያቄው የሚሰማው ግን በአሜሪካ ፀደይ ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ የኮንግረስ አባላት ለኤል ኤስ ቲ ኤ ገንዘብ እንዲመደብ የሚጠይቅ ደብዳቤ በጋራ እየፈረሙ ለበጀት ኮሚቴው ይልካሉ። ሴፕቴምበር ላይ የሚደውል ሰው የተጋገረ እንጀራ ሊያቦካ እንደመጣ ነው።

4. ይደውሉ

የካፒቶል ስልክ 202-224-3121 ነው፤ የሴናተርዎን ወይም የተወካይዎን ስም ይንገሩ፣ ያገናኙዎታል። የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጽፈው ከፊትዎ ያስቀምጡ። ይዘቱ ይህን ያህል ይበቃል፦

“ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እገሌ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ዚፕ ኮዴ ይኸው። ሴናተሩ የዘንድሮውን የኤል ኤስ ቲ ኤ የበጀት ደብዳቤ እንዲፈርሙ ለመጠየቅ ነው የደወልኩት። በሳምንት ሁለት ቀን እንግሊዝኛ የምማረው በቤተ መጻሕፍት ነው። እስካሁን ፈርመዋል?”

የመጨረሻዋን ጥያቄ አይርሱ። “ይደግፉን” ለሚለው “እናመሰግናለን” ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ “ፈርመዋል ወይ” የሚለው ግን አዎ ወይም አይደለም ይፈልጋል። እንግሊዝኛው የሚያስፈራዎ ከሆነ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደውለው መልእክት ይተዉ። ዜግነት የለኝም ብለው አይቅሩ፤ ተወካዩ የሚወክለው በአካባቢው የሚኖረውን ሁሉ ነው። በፖስታ ወደ ዋሽንግተን አይላኩ፤ ከ2001 የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ደብዳቤ ሁሉ በፍተሻ ስለሚያልፍ ይዘገያል። የዲሲ ነዋሪ ከሆኑ ድምፅ ያለው ሴናተር የለዎትም፤ ጉልበትዎን ለዲሲ ካውንስልና ከታች ላለው ለኤፍ ሲ ሲ ያውሉት።

5. በአካል ይሂዱ

ቀጠሮውን ዋሽንግተን ሳይሆን በአካባቢዎ ባለው ቢሮ ይያዙ። ሦስት ሰው ይበቃል። የሚሰጣችሁ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የሚያነጋግራችሁም ረዳቱ ነው፤ አትከፉ፣ ማስታወሻ የሚጽፈው እሱ ነው። ከላይ የሠራችሁትን ስሌት በአንድ ገጽ ትታችሁለት ውጡ። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ በሥራ ሰዓቱ አታስከትሉ፤ በፌዴራል እርዳታ ገንዘብ ሕግ አውጪን መወትወት ክልክል ነው። ይህን ሥራ የቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ማኅበር ቢይዘው ይሻላል።

6. ለኤፍ ሲ ሲ አስተያየት ያስገቡ

ኮሚሽኑ የኢ-ሬትን ደንብ ከመለወጡ በፊት ብዙውን ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፤ መጀመሪያ ዋናው አስተያየት፣ ቀጥሎ የመልስ አስተያየት። በድረ ገጹ የአስተያየት ማስገቢያ የዶኬቱን፣ ማለትም የጉዳዩን መዝገብ፣ ቁጥር በትክክል ይጻፉ፤ የኢ-ሬት ዋና ዶኬት 13-184 ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ጽሑፍዎ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ይገባል። ከሌላ ሰው የተቀዳ ጽሑፍ አይለጥፉ፤ ሺህ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እንደ አንድ ይነበባል። የጻፉት ስምና አድራሻ ለሕዝብ በይፋ እንደሚታይም አስቀድመው ይወቁ፤ ይህ የሚያሳስብዎ ከሆነ በማኅበር ስም ይግባ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ቢሮውን እንደገና ይደውሉ፣ ያነጋገረዎትን ረዳት በስሙ ይጠይቁት። ከፈረሙ ያመስግኑ፤ ካልፈረሙ ምክንያቱን ይጠይቁና ቀኑንና መልሱን ይጻፉ። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ያን ማስታወሻ ይዘው ይደውላሉ።